ስምንተኛዋ ካርታ

ባለፈው ዓመት ለቤቴ የሚሆን መስታወት ፍለጋ ደቡብ ብሮድዌይ ላይ ካሉት የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገባሁ። በሩን እንዳለፍኩ አንድ ሽታ ተቀበለኝ፤ ብል እንዳይበላው ሱፍ ልብስ መሃል የሚጣለው ነጭ እንክብል፣ የደረቀ የላቬንደር አበባ፣ ከዚያ ሥር ደግሞ የቆየ ወረቀት። ዓይኔ ገና ምንም ሳያይ አንገቴን በረደኝ። ሽታው ከየት እንደሚመጣ ስፈልግ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ ከብር ማንኪያዎች አጠገብ፣ መዳፍ የማታክል የሥዕል ካርታ ክምር አየሁ። ከላይ የነበረችው ሥዕል መርከብ ናት።

«ላውጣልሽ?» አለችኝ ሻጯ።

«አይ፣ ይቅር» ብያት ወጣሁ። መስታወቱንም ሳልገዛ ቀረሁ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ተቀመጥኩ። ትልቅ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ወረቀት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስምንት ዓመቴ በነበረበት ሰመር ይህን አላውቅም ነበር።

ያኔ የምንኖረው አውሮራ፣ ከኢስት ኮልፋክስ አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቴ ትራክ ይነዳል፤ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጠፍቶ ይከርምና ሁለት ቀን ቤት አርፎ ይመለሳል። እናቴ አልማዝ ደግሞ እንግልውድ ውስጥ ሚስስ ኢርማ የሚባሉ አሮጊት ቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር። በልጅነታቸው ከጀርመን የመጡ፣ ባላቸው ከሞቱ የቆዩ፣ ሰማንያ አምስትን ያለፉ ሴት ናቸው። በዚያ ሰመር እኔን የምትይዘኝ ጎረቤታችን ሌላ ስቴት ስለሄደች፣ እናቴ የሚስስ ኢርማን ልጅ ካረንን አስፈቅዳ እኔንም ይዛኝ መሄድ ጀመረች።

«ሁለት ነገር ነው የምነግርሽ» አለችኝ የመጀመሪያው ቀን መኪና ውስጥ። «የሰው ዕቃ አትንኪ። ቱቦውን ደግሞ እንዳትረግጪ።»

ቱቦው የኦክሲጅን ነው። መኝታ ቤት ውስጥ ከሚያጉረመርም ማሽን ተነስቶ፣ ምንጣፉን እንደ እባብ አቋርጦ፣ ሳሎን ሶፋቸው ላይ ከተቀመጡት ሚስስ ኢርማ አፍንጫ ድረስ ይዘልቃል። ማሽኑ አየር የሚሰጣቸው አይመስለኝም ነበር። ትንፋሻቸውን በዚያ ቀጭን ቱቦ እየሳበ የሚወስድባቸው ይመስለኝ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፊታቸው የሚገረጣው ለዚያ ነው ብዬ አምን ነበር። አንድ ቀን ውኃ ላመጣ ስሮጥ ተረከዜ ሥር አንድ ነገር ሲለሰልስ ተሰማኝ። ዘልዬ ወረድኩ። ሚስስ ኢርማ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ደረታቸው ሲነሳና ሲወድቅ ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሃያ ላይ ስደርስ አንኮራፉ። ለማንም አልተናገርኩም።

እናቴ ልብስ ልታጥብ ምድር ቤት በወረደች ቁጥር እኔና ሚስስ ኢርማ ብቻችንን እንቀራለን። ከእለታት አንድ ቀን «ከታችኛው መሳቢያ የቆርቆሮዋን ሣጥን አምጪልኝ» አሉኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው፤ እኔ ግን በሐሳቤ ሁልጊዜ አንቱ እላቸው ነበር። መሳቢያውን ስከፍት ያ ሽታ ወጣ። ሣጥኗ ውስጥ ጠርዛቸው የተበላ ሠላሳ ስድስት ካርታዎች ነበሩ።

«የአያቴ ናቸው» አሉኝ። «መንደሩ ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣ ነበር።»

በእያንዳንዷ ካርታ አናት ላይ ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ ሥር እንደ ቴምብር ያነሰች የተራ መጫወቻ ካርታ ሥዕል፣ ከዚያ ትልቁ ሥዕል። መርከብ፣ ቤት፣ ዛፍ፣ አንድ ጎኑ የጠቆረ ሌላው ጎኑ የነጣ ደመና፣ የተጠቀለለ እባብ፣ ማጭድ፣ ቀበሮ፣ ውሻ፣ አይጦች፣ ደብዳቤ፣ መልሕቅ። ኮት የለበሰ ሰውዬ አለ፤ ረጅም ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰች ሴትዮም አለች። ቀለማቸው ደብዝዟል፤ የእባቡ ዓይን ብቻ እንደ አዲስ ቀይ ነው።

«ሥዕሉ ብቻውን ምንም አይናገርም» አሉኝ። «ጎረቤቱን ነው የምታዪው። ውሻው ከሰውየው አጠገብ ከወጣ ታማኝ ወዳጅ አለው ማለት ነው። ከራቀ ግን ወዳጄ የሚለውን አይመን። የደመናው ጥቁር ጎን ወደ ማን እንደዞረ ታያለሽ። የቀረበ ነገር ይጠነክራል፤ የራቀ ይደክማል።»

«ይቺስ?» አልኩ። ቁጥር ስምንት ናት። ሁለት በርጩማ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን፣ በላዩ የአበባ ጉንጉን።

«ይቺ የሬሳ ሣጥን ናት። ከሰው ከራቀች ሕመም ነው፣ ያልፋል።»

ከቀረበችስ ብዬ አልጠየቅኩም።

ለእናቴ ያልነገርኳት ሚስስ ኢርማ ከልክለውኝ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ለልጆች ሲያስተምሩ ጠንቋይ፣ ጠጠር ጣይ፣ ሞራ ገላጭ ጋ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚደርስበት ነግረውናል። ጠንቋይ ምን እንደሆነ ገብቶኛል። «ሞራ ገላጭ» ሲሉ ግን በእንግሊዝኛው «ሞር»፣ «ተጨማሪ» የሚለው መሰለኝ፤ ከሚገባው በላይ የሚገልጥ ሰው። ሚስስ ኢርማ ደግሞ አንዲት ካርታ ገልጠው «አንድ ተጨማሪ እንይ» ማለት ይወዳሉ። ከካርታዎቹ አንዷ ላይ መስቀል ስላለ ኃጢአት አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ኋላ ሚስስ ኢርማ መስቀሉ መከራ ማለት ነው ሲሉኝ ያም መጽናኛ ጠፋ። ቅዳሴ ላይ ቄሱ በአጠገቤ ሲያልፉ እጄን ከኋላዬ እደብቅ ጀመር።

ጁላይ ሲገባ እናቴ ተለወጠች። ስልክ ስታወራ መታጠቢያ ቤት ትገባለች፤ ስገባ ዝም ትላለች። ምግብ አቅርባልኝ እሷ አትበላም። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ የሰማሁት አንድ ቃል «ባዮፕሲ» የሚል ነው። ቃሉን አላውቀውም፤ እናቴ ስትለው ድምፅዋ የሚቀጥን መሆኑን ግን አስተዋልኩ። አንድ ማክሰኞ ካረን ጋ ትታኝ ከሰዓት ሙሉ ጠፍታ ዋለች። ስትመለስ ልታነሳኝ ፈልጋ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት።

በማግስቱ እናቴ ምድር ቤት እንደወረደች ሣጥኗን ራሴ አመጣሁ።

«ስለ እናቴ ይዩልኝ» አልኳቸው።

ሚስስ ኢርማ አዩኝ። ካርታዎቹን በውዘው ዘጠኝ ዘጠኝ አድርገው በአራት መስመር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ጣታቸው ከካርታ ካርታ ሲሄድ በዓይኔ ተከተልኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው ሴትዮ ወጣች። ከጎኗ፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተነካክታ፣ ቁጥር ስምንት።

ጣታቸው ቆመ። ሁሉንም በሁለት እጃቸው አፈሱ፤ እንደዚያ ሲቸኩሉ አይቼ አላውቅም።

«ለዛሬ ይበቃል። ደከመኝ።»

አንዲት ካርታ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። የሬሳ ሣጥኗ ናት። ስምንት ቁጥር፤ የኔ ዕድሜ። ከቁጥሩ ሥር ባለችው ትንሽ ሥዕል ላይ ዘጠኝ ቀያይ ዳይመንድ ተደርድሯል። የእናቴ ስም አልማዝ ነው። አልማዝ ዳይመንድ መሆኑን አባቴ ነግሮኛል። ቶሎ ብዬ ሣጥኗ ውስጥ መለስኳት። ትልቅ ሰው ሲፈራ አይቼ ነበር፤ የፈሩትም ስለኛ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ነገር ሃቫና ስትሪት ላይ ሆነ። እናቴ አንድ ግሮሰሪ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጋ ገና ቀበቶዋን ሳትፈታ ስልኳ ጮኸ። ቁጥሩን አይታ ወጣች፤ በሩን ዘጋችብኝ። መስኮቱ ግን ትንሽ ክፍት ነበር። በእንግሊዝኛ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ አዳመጠች። ከዚያ «ቢናይን? ቢናይን ነው ያልሽኝ?» አለች። ስልኩን ዘግታ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ አፏን በመዳፏ ከድና ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች።

እኔ የሰማሁት «ቢ ናይን» ነው። ዘጠኝ ሁኚ። ዘጠኝ ዓመት የሚሞላኝ ኦገስት መጨረሻ ላይ ነበር። የደወለችው ዶክተር ለእናቴ «ልጅሽ ዘጠኝ እስኪሞላት ነው ያለሽ ጊዜ» ብላ እንደነገረቻት አልተጠራጠርኩም። ካርታዋ ላይ ያሉት ዳይመንዶችም ዘጠኝ ናቸው።

እናቴ ተመልሳ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል። «አለርጂ ነው» አለችኝ፤ ፈገግ አለችና ጉንጬን ሳመችኝ። ስለምትሞት የምትስመኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ ብል ማጋነን አይሆንም። ምግብ አልወርድ አለኝ። እናቴን ደግሞ ይበልጥ ደስ ደስ ይላታል፤ ትዘፍናለች፤ እሱም አስፈራኝ። ከሚስስ ኢርማ የተማርኩት አንድ ሕግ ብቻ ነበር፤ የቀረበ ይጠነክራል፣ የራቀ ይደክማል። ስለዚህ ካርታዋን ማራቅ ነበረብኝ። ለመቅደድ አልደፈርኩም፤ እሷን ስቀድ እናቴ የምትቀደድ መሰለኝ። አንድ ረፋድ ሚስስ ኢርማ ሲያንቀላፉ ሣጥኗን ከፍቼ ቁጥር ስምንትን አወጣሁና ካልሲዬ ውስጥ ከተትኳት። እስክንወጣ ድረስ ቁርጭምጭሚቴን በረዶ የያዘው መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አባቴ መጥቶ ነበር። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትራኩ ወደሚቆምበት ሜዳ ሸኘነው።

«አባዬ፣ አሁን የት ነው የምትሄደው?»

«ኦሬገን። ከዚያ ወደ ካሊፎርኒያ እወርዳለሁ።»

«ሩቅ ነው?»

«በጣም ሩቅ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

ላየው ብዬ ጋቢናው ላይ ወጣሁ። ከወንበሩ ኋላ የሚተኛበት ጠባብ አልጋ አለ። አባቴና እናቴ ታች ሆነው ሲያወሩ ካርታዋን ፍራሹ ሥር እስከ ክርኔ ድረስ ገፋኋት። ትራኩ ተንቀሳቅሶ ከዓይናችን ሲጠፋ እግሬ ላይ የነበረው ብርድ ለቀቀኝ። ያን ቀን ሁለት ሳህን በላሁ።

ሰኞ ቀን እናቴ ቤት ነበረች። ምሳ ላይ «አባዬ ጋ እንደውል?» አልኳት።

«አሁን አይሆንም። ማለዳ ነው የነዳው፤ ይሄኔ አልጋው ላይ ጋደም ብሏል።»

ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። እሱ እዚያ ተኝቷል። ካርታዋ ከሥሩ ናት፤ ከጀርባው ሥር። ከእናቴ አርቄ ለአባቴ አቅርቤያት ነበር።

ማክሰኞ እንግልውድ ስንደርስ ካረን ወጥ ቤት ቆማ ጠበቀችን። ለልጇ ልጅ የድሮዎቹን ካርታዎች ልታሳይ ከፍታ ስትቆጥር አንዷ መጥፋቷን ለእናቴ ነገረቻት። አልጮኸችም። «ከአንቺና ከኔ ሌላ እዚህ ቤት የሚገባ የለም» ብቻ አለች፤ ከዚያም «ወደ ቀጠረሽ ድርጅት ከመደወሌ በፊት ልጠይቅሽ ብዬ ነው» አለች። እናቴ ስለ ምን ካርታ እንደምታወራ እንኳን አልገባትም። እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሚስስ ኢርማ ሁሉንም እየሰሙ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ስንመለስ እናቴ መንገዱን ብቻ እያየች ነዳች። ኋላ ለራሷ ይመስል «ሰው ቤት ገብቼ መርፌ አንስቼ አላውቅም» አለች።

በዚያው ቀን አባቴ ስልክ አላነሳም። ረቡዕም ጠዋት ስልኩ ዝግ ነው። እናቴ «ተራራ ለተራራ እየነዳ ይሆናል፤ ኔትወርክ የለም» ትለኛለች፤ ግን በየሩብ ሰዓቱ ትሞክራለች፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ባስቀመጠች ቁጥር ደግማ ታነሳዋለች። እኩለ ቀን ላይ እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አስታወክኩ። መጥታ ግንባሬን ያዘችልኝ።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አልኳት።

«ማንን?»

«አባዬን።»

ሁሉንም አንድ ላይ ተፋሁት፤ ካርታዎቹን፣ ሴትዮዋን፣ ሣጥኗን፣ ካልሲዬን፣ ፍራሹን። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ። እናቴ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሰማችኝ።

«ለምንድን ነው ከኔ ልታርቂያት የፈለግሽው?»

«ዘጠኝ ሲሞላኝ ስለምትሞቺ።»

«ማን አለሽ?»

«ዶክተሯ። በስልክ። ቢ ናይን ብላሻለች።»

እናቴ ለትንሽ ጊዜ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ ተበላሸ፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አላወቅኩም። እጄን ወስዳ በብብቷ አጠገብ፣ ትንሽ ፕላስተር የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠችው። እዚህ ጋ እብጠት ነበረኝ አለችኝ። በመርፌ ወስደው መረመሩት፤ ቢናይን ማለት ክፉ አይደለም ማለት ነው፤ ያን ቀን ያለቀስኩት ከደስታ ነው አለችኝ። ደግማ ደግማ አስረዳችኝ። ስለ ራሷ አመንኳት።

«አባዬስ?»

ካርታ ወረቀት ነው፣ ምንም አያደርግም አለችኝ። ስትነሳ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሦስት ጊዜ አማተበች፤ አየኋት። ስልኩን አንስታ ደግማ ደወለች። ዝግ ነው። እኔና እሷ ሶፋው ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን፤ ስልኩ መሃላችን። ከሁሉም ቀን ያ ከሰዓት ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ብቻዬን ነበር የምፈራው፤ ያን ቀን እናቴም ስትፈራ ከጎኔ ይሰማኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። አባቴ ነው። አይዳሆ ውስጥ ትራኩ ተበላሽቶበት፣ ስልኩም ባትሪ ጨርሶ፣ ጎታች መኪና ሲጠብቅ አንድ ቀን ተኩል መንገድ ዳር ውሎ አድሯል። ድምፁ ደክሞታል፤ ደህና ግን ነው። እናቴ ምንም ሳትለው መጀመሪያ «ፍራሽህን አንሳ» አለችው።

«ምን?»

«ፍራሽህን አንሳና ከሥሩ ያለውን እይ።»

ስልኩ ውስጥ ሲያቃስት፣ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰማን።

«ማን ነው እዚህ ያስቀመጠው?» አለ በዝግታ። «የሬሳ ሣጥን ነው እኮ።»

«እንዳትጥለው። የሰው ዕቃ ነው፤ ይዘኸው ና» አለችው እናቴ። እኔ «ኪስህ ውስጥ አይሁን» አልኩት። ከመሪው በስተቀኝ ያለው የዕቃ መያዣ ውስጥ ቆልፎባት መጣ። እናቴ እሱ እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ የዚያኑ ዕለት ካረን ጋ ደውላ ልጄ ናት የወሰደችው ብላ ነገረቻት።

ከዚያ ቀጥሎ የከበደኝ ካርታዋን የመለስኩበት ቀን ነው። እናቴ ትከሻዬን ይዛ ሚስስ ኢርማ ፊት አቆመችኝ። ይቅርታ አልኳቸው። ካርታዋ ያለችበትን ፖስታ ዘረጋሁላቸው። ሚስስ ኢርማ አልተቀበሉኝም።

«አንቺ እንደሆንሽ አውቅ ነበር» አሉኝ። «የፈለገቻት ካረን ናት። እኔ አልፈለግኳትም።»

«ከእናቴ አጠገብ ስለወጣች ነው።»

«ከእናትሽ?» አሉና ፊቴን አዩት። «ሰማያዊ ቀሚስ የለበሰችው? ልጄ፣ እሷ እናትሽ አይደለችም። ካገባሁበት ጊዜ ጀምሮ ካርታ ስዘረጋ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ያን ቀን የደነገጥኩት ለራሴ ነው።» ትንፋሽ እስኪያገኙ ጠበቁ። «ከጠፋች ጀምሮ ደህና እተኛ ነበር። ለካረን ያልተናገርኩት ለዚያ ነው። እናትሽን ሲወቅሷት ዝም ማለቴ ግን ነውር ነው።»

ፖስታው እጄ ላይ ከበደኝ። የሳቸውን ሞት ይዤላቸው እንደመጣሁ ተሰማኝ፤ ወደ ኋላ ልወስደው ፈለግኩ፤ እናቴ ደግሞ ከኋላዬ አለች። አንድ እርምጃ እንኳን ማንሳት አቃተኝ።

እናቴ ቱቦውን በእጇ ገለል አድርጋ ከሶፋቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ጥንቆላ ነገር ቤቷ እንዳይገባ የምትጸልይ ሴት ናት፤ ትገሥጻቸዋለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ስለ እብጠቱ ነገረቻቸው። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ማታ ማታ የልጇን ልብስ እያወጣች እያጠፈች መልሳ ታስገባ እንደነበር ነገረቻቸው። ለባሏ እንኳን አልነገረችውም፤ መንዳት አለበት ብላ። ሚስስ ኢርማ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፖስታውን ከእጄ ወሰዱና ሳይከፍቱት ሣጥኗ ውስጥ ከተቱት።

«ጊዜዬ ሲደርስ ካረን ሥራ ላይ ከሆነች ብቻዬን እሆናለሁ» አሏት።

«ይደውሉልኝ» አለች እናቴ። «ሺፍቴ ባይሆንም እመጣለሁ።»

ኖቬምበር ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ተደወለላት። ካረን ናት የደወለችው። እናቴ ጎረቤት ጋ ትታኝ ሄደች። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ስትገባ በመስኮት አየኋት፤ ግን አልወጣችም። ጃኬቴን ለብሼ ወረድኩ። መሪውን ይዛ ተቀምጣለች። ከጎኗ ገባሁ፤ ከፊት መቀመጥ የተከለከለ ቢሆንም ምንም አላለችኝም።

«ሞቱ?»

«አዎ።»

«ፈርተው ነበር?»

እናቴ ልትዋሸኝ ትችል ነበር። «ጠዋት በጣም ፈርተው ነበር» አለችኝ። «ካረን አንዱን እጃቸውን፣ እኔ አንዱን ያዝን። ኋላ ልጅ ሆነው ስለሚጠብቋቸው የአያታቸው ዶሮዎች ያወሩን ጀመር። እያንዳንዷ ስም አላት። አንዷ ዶሮ ዝናብ ላይ ጠፍታባቸው ሲፈልጓት እያወሩ ደከማቸውና ተኙ። በዚያው አረፉ።»

«ዶሮዋስ ተገኘች?»

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ።

«አልነገሩንም» አለችኝ። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ ጉልበቴ ላይ አለበሰችኝ፤ መውረድ የጀመረው በረዶ የመኪናውን መስታወት ቀስ እያለ እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ተቀመጥን።